ስለ ሁለተኛዪቱ መኪና

ሰው ከሚያስፈልገው በላይ አንድ ነገር ቢመኝ ሁልጊዜ ጥፋት ሠራ ማለት አይደለም። የዕለት እንጀራውን ያገኘ ሰው በደጁ አበባ ቢተክል የሚነቅፈው የለም። ነገር ግን ምኞት እንደ እሳት ነው፤ በምድጃው ውስጥ ሳለ ቤት ያሞቃል፤ ከምድጃው ሲወጣ ቤት ያቃጥላል። እኔ ይህነን የተማርሁት ከአንዲት አሮጌ መኪና ነው። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ አንተ ገንዘብህን ሳታጠፋ እንድትማረው ታሪኩን እነግርሃለሁ።

ወደ አሜሪካ በመጣሁባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዋሺንግተን ከተማ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራዬ ጧት የሰውን መኪና ተቀብሎ ማቆም፣ ማታ አውጥቶ ማስረከብ ነበረ። ከደንበኞቹ መካከል አንድ ሽበታም ሰው፣ ኤም ጂ ቢ የምትባል፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽ የእንግሊዝ መኪና ነበረችው። ብርዱ ካለፈ ጀምሮ ጣሪያዋን ገልጦ ይነዳት ነበር። ቁልፏን ሲሰጠኝ፣ ከበሩ እስከ ማቆሚያው ድረስ ያለችውን መቶ እርምጃ የማትሞላ መንገድ ሆን ብዬ በቀስታ እነዳት ነበር። ከዚያም ‹‹አንድ ቀን!›› እያልሁ ቁልፉን ከቦታው እሰቅለው ነበር።

ያ አንድ ቀን 20 ዓመት ዘገየ። ትዳር ያዝሁ፤ ሁለት ልጆች ወለድሁ፤ ለቤተ ሰቡ የምትሆን ጤነኛ ቶዮታ ገዛሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ምኞቴን ለባለቤቴ ገለጽሁላት። እርስዋም ጥቂት አሰብ አድርጋ፣ ‹‹ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንብን እንጂ ደስ ይበልህ። ካጠራቀምነው ላይ 8,000 ዶላር ውሰድ፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን የልጆቹ ነው›› አለችኝ። እኔም ቃል ሰጠኋት።

ምርጫዬን በጥንቃቄ ጀመርሁ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. የወጣችው ጃጓር ኢ ታይፕ ዓይን የምታፈዝ ናት፤ ዋጋዋ ግን ከአቅሜ በላይ ስለ ሆነ በሩቁ ተሰናበትኋት። በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ የወጣችው የጃፓን ማዝዳ ኤም ኤክስ 5፣ የቀድሞዎቹን ትንንሽ የእንግሊዝ መኪናዎች ዓይነት ይዛ የተሠራች ስትሆን እንደ እነርሱ ቶሎ ቶሎ አትበላሽም። መንዳትን ወዶ መጠገንን ለሚጠላ ሰው እርስዋ ትሻላለች። እኔ ግን ከልጅነት ምኞቴ አልተላቀቅሁም። ደግሞም ምክንያት ነበረኝ። ኤም ጂ ቢ ከ1962 እስከ 1980 ድረስ በአቢንግደን ከተማ ከ500,000 በላይ ተሠርታለች፤ በብዛት የተሠራ ነገር መለዋወጫው አይጠፋም። ሞተሯ 1,798 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር ነው፤ ኮፈኑ ሲከፈት እጅ የሚያስገባ ቦታ ስላለው ትዕግሥት ያለው ሰው በገዛ እጁ ሊጠግናት ይችላል። በ1974 መጨረሻ በአሜሪካ ደንብ ምክንያት የብረት ፓራውልቷ በጥቁር ጎማ ተለወጠ፤ ቁመቷም ከፍ ተደረገ። ብዙ ሰው የፊተኞቹን ስለሚወድ የኋለኞቹ በዋጋ ይረክሳሉ።

እስከዚህ ድረስ አእምሮዬ ይመራኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን አንዲት ቀይ ኤም ጂ ቢ አየሁ። ቀለሟ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ወንበሯ አዲስ ቆዳ ለብሷል። ዋጋዋ 9,800 ዶላር ነው ተባልሁ። በዚያ ሰሞን የእቁብ ዕጣ ወጥቶልኝ ነበርና፣ የጎደለውን 1,800 ከዚያ ላይ ልጨምር ቆረጥሁ። 500 ዶላር ቀብድ ከፈልሁ። ባለቤቴ ማታ ዋጋዋን ስትጠይቀኝ፣ ዓይኔን ከሰሐኑ ሳላነሣ ‹‹8,000 ነው›› አልኋት። እርስዋም ደስ አላትና፣ ‹‹እንግዲያውስ ለጋሼ ሳታሳይ እንዳትጨርስ›› አለችኝ። ጋሼ የምንላቸው በአዲስ አበባ፣ ኋላም በቨርጂኒያ ዕድሜያቸውን በጋራዥ የፈጸሙ ሽማግሌ ናቸው።

በማግሥቱ አብረን ሄድን። ጋሼ ኮፈኑን እንኳ አላስከፈቱም። ከኪሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ማግኔት አወጡና በመኪናዪቱ ጎን ተንበረከኩ። ማግኔቱ በኮፈኑ ላይ ጥብቅ አለ። ከበሩ ሥር፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ በሚሄደው ብረት ላይ ሲያስጠጉት ግን ወደቀ። ደግመው ሞከሩ፤ ደግሞ ወደቀ። ‹‹ይህ ስቱኮ ነው›› አሉ። ቀጥለውም በክሪክ ጎኗን ጥቂት ከፍ አድርገው፣ ‹‹በል በሩን ክፈት›› አሉኝ። ብስበው ብስበው አልከፈት አለኝ። መኪናዪቱ ከወገቧ ታጥፋ በሩን ነክሳ ይዛው ነበር።

የነገሩ ምክንያት ይህ ነው። ኤም ጂ ቢ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፤ ክፍት ስለ ሆነችም የሚደግፋት የብረት ጣሪያ የላትም። አካሏን ቀጥ አድርጎ የሚይዛት በይበልጥ ከበሮቹ ሥር ያለው ብረት ነው። በዚያ አገር ደግሞ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን፣ ጨውና ውሃ ተባብረው ያንን ብረት ከውስጥ ይበሉታል። ሞተር ቢደክም ይታደሳል፤ የተበላ አካል ግን መኪናዪቱ ከተገዛችበት ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ጋሼም አቧራቸውን አራግፈው ተነሡና፣ ‹‹ልጄ፣ ይህች መኪና የቆመችው በቀለሟ ነው›› አሉኝ።

ቀብዱ አልተመለሰልኝም። ወደ ቤቴ ስመለስ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነገር ነበረ። የ500 ዶላሩን ነገር ብሸሽገው ማንም አያውቅብኝም ነበር። ያገራችን ሰው ላዩ አምሮ ሥሩ የተበላሸ ነገር ሲያይ ‹‹ውስጡን ለቄስ›› ይላል። ያን ዕለት ቀይዋ መኪናና እኔ በዚህ ቃል እኩል ሆነን ታየኝ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ዋጋውንም፣ የእቁቡንም፣ የቀብዱንም ነገር አንድም ሳላስቀር ነገርኋት። ባለቤቴ አልጮኸችም። ብዙ ዝም ካለች በኋላ፣ ‹‹የመኪናዪቱን ሥር ማግኔት ገለጸልህ፤ የአንተን ሥር ለእኔ ማን ይገልጽልኝ ነበር?›› አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።

ከዚያ ወዲያ አንድ ዓመት ያህል ስለ መኪና አላነሣሁም። በመጨረሻ ነገሩን ያነሣችው እርስዋ ናት። ቀለሟ የደበዘዘ፣ ወንበሯ የተቀደደ፣ ባለ ጎማ ፓራውልት የሆነች ነጭ ኤም ጂ ቢ በ6,000 ዶላር ተገኘች። የጋሼን ማግኔት ይዛ ከበሮቿ ሥር ያለፈችው ራሷ ባለቤቴ ነበረች፤ ማግኔቱም ከዳር እስከ ዳር አልወደቀም። የተረፈው 2,000 ለፍሬኑ፣ ለጎማው፣ ለቤንዚን ቱቦው ዋለ። ዛሬም ዘይት ታንጠባጥባለች፤ ዝናብ ሲመጣ በጣሪያዋ ታስገባለች፤ ለየዕለቱ ጉዳይ ቶዮታዋ አለችልን። ማግኔቱ ደግሞ ጋሼ መርቀው ስለ ሰጡን በማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፎ የወር ወጪያችንን የምንጽፍበትን ወረቀት ይዞ ይኖራል።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ነገር ለመግዛት ስትነሣ፣ ከሁሉ አስቀድሞ መጀመሪያዪቱ መኪናና የቤትህ ቀለብ ይሟሉ። ከመደብኸው ገንዘብ ሩቡን ለጥገና አስቀምጥ፤ የምትከፍለው ዋጋ የወጪህ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለምና። ከሞተሩ በፊት አካሉን፣ ከቀለሙ በፊት ሥሩን መርምር። ለማየት ስትሄድም ያንን ነገር የማይመኝ ሰው ይዘህ ሂድ፤ የተመኘ ዓይን ዝገት አያይምና። ከሁሉ ይልቅ ግን ዋጋውን ለቤተ ሰብህ ለመናገር ያፈርህ እንደ ሆነ፣ ማግኔት ሳትፈልግ በዚያው ተመለስ።