ሳህኑስ? (ለአዳማ መንገድ ባለ ምግብ ቤቶች)

እኛ በላተኞች ነን። ምግብ ቤት የለንም፣ ነግደንም አናውቅም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ አዳማ፣ ከአዳማ ባቱ ስንመላለስ የከፈልነው ሒሳብ ቢጠራቀም አንድ ደህና ኪዮስክ ሳያስከፍት አይቀርም። ስለዚህ ትንሽ ምክር ብንለግስ ድፍረት አይሆንብንም።

ነገሩ ከመንገዱ ይጀምራል። ድሮ ወደ ናዝሬት የሚወርድ ሁሉ ዱከምን፣ ደብረ ዘይትንና ሞጆን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ያልፍ ነበር። ተሳፋሪው ቤት መርጦ አይገባም፤ ሹፌሩ የቆመበት ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የፍጥነት መንገዱ ሲከፈት ይህ ነገር ተቀየረ። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ በአጥር የተከለለ ስለሆነ አንዴ ከገቡበት «እዚች ጋ አቁምልኝ» ብሎ ነገር የለም። በ2022 ደግሞ ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው ተከፈተና መቂም ወደ ጎን ቀረች። እናም ድንገት ርቦት የሚገባው እንግዳ ቀነሰ ማለት ነው። ዛሬ የሚመጣው አስቦ፣ መሪውን አዙሮ፣ ከፍጥነት መንገዱ ወጥቶ ነው።

ታዲያ ምን ብሎ ይውጣ? በር ላይ የተሰቀለውን ታፔላ እንየው፦ «ልዩ ልዩ ባህላዊና ዘመናዊ ምግቦች እናዘጋጃለን»። ከዱከም እስከ ሻሸመኔ ያለው ቤት ሁሉ ይህንኑ ይላል። ዱከም ግን ሰው ዛሬም ከአዲስ አበባ ድረስ ለጥሬ ሥጋ ይሄዳል፤ ባቱ ሲባልም አሳ ትዝ ይለናል። አንድ ነገር ምረጡና በትልቁ ጻፉት። የቀረው ሜኑ ውስጥ ይቀመጣል።

ከዚያ ሳህኑ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ብዙው ቤት የሚወድቀው እዚህ ነው። የፕላስቲክ መሳይ ሚላሚን ሳህን ላይ የቀረበ ጥብስ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ስቡ ረግቶ ላንቃ ላይ ይለጠፋል። ያው ጥብስ ከሥሩ ከሰል ባለው ሸክላ ሲመጣ ግን እስከ መጨረሻው ይንጫጫል፤ ጭሱን ያየው የጎረቤት ጠረጴዛም «ለእኛም እንደዛ!» ይላል። ከዚህ የረከሰ ማስታወቂያ ቴሌቪዥን ላይም ቲክቶክ ላይም አይገኝም።

«ሸክላ ይሰበራል» ትሉናላችሁ። ይሰበራል። ግማሹ የሚሰበረው ግን ከእሳት እንደወረደ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፋበት ነው። ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ በሙቅ ውሃና በብሩሽ ይታሸት። ሳሙና አታብዙበት፣ ሸክላ ይመጠውና የሚቀጥለው ጥብስ ኦሞ ኦሞ ይላል። አዲሱን ደግሞ ሳታሟሹ እንግዳ ፊት አታውጡ፤ እናቶቻችን ምጣድ ሳያሟሹ ጋግረው አያውቁም።

ሁሉን ነገር ሸክላ ላይ ጫኑ እያልን አይደለም። ሰላጣ በሸክላ ቀርቦልን ያውቃል፣ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባንም። ጨጨብሳ ግን ኦሮሚያ መሀል ተቀምጦ ጠርዙ በተሸረፈ ሳህን ለምን ይመጣል? በእንጨት ቆሪ ቢቀርብ ሙቀቱንም ይይዛል፣ ፎቶም ያምርበታል፤ ፎቶው ደግሞ ከእኛ ቀድሞ አዲስ አበባ ይገባል።

የአሳው ነገር ሌላ ነው። ሙሉ ጥብስ አሳ ክብ ሳህን ላይ ጭንቅላቱም ጅራቱም ተንጠልጥሎ ይመጣና ተመጋቢው እሾሁን የሚያኖርበት አጥቶ ሶፍት ላይ ይደረድራል። ረዘም ያለ ሳህን፣ ለእሾሁ አንድ ትርፍ ሳህን፣ ሎሚ። በቃ። ከሁሉ በላይ ግን ዘይቱ። በጾም አሳ የሚበላ እንግዳ «ሥጋ የተጠበሰበት ነው እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ አስተናጋጇ ወደ ጓዳ ዞር ካለች እንግዳው ሄዷል፣ ተመልሶም አይመጣም። የአሳ መጥበሻ ለብቻ ይሁን፤ መለየቱም ሜኑው ላይ ይጻፍ። ሥጋው የሙስሊም ወይስ የክርስቲያን እንደሆነም እንዲሁ። ሰው አፍሮ ሳይጠይቅ የሚወጣበት ጉዳይ ነው።

አዳማ ደግሞ የስብሰባ ከተማ ናት። አበል ኪሱ ያለ፣ ብቻውን የሚበላ፣ ከሰዓት ስልጠና የሚጠብቀው ሰው ሞልቷል። ለእሱ የአራት ሰው ትሪ ላይ በያይነቱ ስታቀርቡለት ወጡ መሀል በረሃ ላይ እንደወደቀ ጠብታ ይመስላል፣ ሰውዬውም ብቸኝነቱ ይበረታበታል። አነስ ያለች ትሪ ግዙ። ያው ወጥ ሞልቶ ይታያል።

ስለ ዋጋ አንድ ቃል ብቻ። ሜኑው ላይ ያለው ቁጥር ሌላ፣ ደረሰኙ ላይ ያለው ሌላ ሲሆን እንናደዳለን። ቫት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ 15 በመቶ ነው፤ ድንገት የመጣ አይደለም። ደምራችሁ ጻፉት። ውድ መሆኑን ቀድሞ ያወቀ ሰው ይከፍላል፣ የተሸወደ የመሰለው ግን ለ10 ሰው ያወራል።

የእጅ መታጠቢያውንም እዩልን። ፈሳሽ ሳሙናው በውሃ ቀጥኖ ቀጥኖ ቀለሙ ብቻ ነው የቀረው። አሳ በልተን አዲስ አበባ ስንገባ ቤተሰብ የት እንደዋልን ሳንናገር ያውቃል።