በአንድ ፊደል የተለወጠ ምኞት

የመጀመሪያ ተውኔቴን ጽፌ እንደ ጨረስሁ፣ በልጅነቴ ሊበን ውስጥ ቅኔ ላስቆጠሩኝ የኔታ ረቂቁን ወስጄ አሳየኋቸው። ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ «ለወገኔ ድህነትን እመኛለሁ» ይላል። የኔታ ጣታቸውን በቃሉ ላይ አሳርፈው፣ «ልጄ፣ ለወገንህ የምትመኝለት ማጣትን ነውን?» አሉኝ። እኔ መዳንን ማለቴ ነበር፤ እርሱ ግን በብዙኃኑ ኀ፣ «ድኅነት» ተብሎ ይጻፋል። የእኔው «ከድኻ» የወጣ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መልካቸው ተቀራርቦ ምንጫቸው የተለያየ የግእዝ ቃላትን እመረምር ጀመር። ሠዐለ፣ በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዐ፣ ሥዕል ሣለ ማለት ነው፤ ሰአለ፣ በእሳቱ ሰና በአልፋው አ፣ ለመነ ነውና ስእለትን ይወልዳል። ሠረቀ ወጣ፣ በራ ነው፤ ምሥራቅም ከእርሱ ተገኘ። ሰረቀ ግን የሌባ ሥራ ነው። በሐመሩ ሐ፣ ሐለየ ዘመረ ነው፤ ማሕሌት የእርሱ ልጅ ነው። በብዙኃኑ ኀ፣ ኀለየ ዐሰበ ነው፤ ኅሊናም የእርሱ።

እነዚህ ፊደላት በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሆኖአል፤ ሐና ዐ ግን በትግርኛ ዛሬም በጉሮሮ ይለያሉ። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላትም ልዩነቱን ጠብቆ አኑሮልናል።

ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚሉ ወገኖች ለጀማሪው ተማሪ ሸክም ማቅለልን አስበው ነውና ክርክራቸውን አልንቅም። ነገር ግን ፊደሉ ሲጣል የቃሉ የትውልድ ሐረግ አብሮ እንዳይጠፋ፣ መምህሩ ምንጩን ሊያስተምር፣ ደራሲውም ሊያውቅ ይገባዋል። እኔ ያን መስመር አርሜዋለሁ፤ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ግን የየኔታ ጣት ዛሬም ከወረቀቴ ላይ አልተነሣም።