ድራማቲካሊ

የሚያሳፍረኝን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። አባቴ በቁሙ እንዲለቀስለት ያደረግኩት እኔ ነኝ። መሣሪያዬም አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚሄድ ሰው የዴዴሳን ወንዝ ይሻገራል። ሸለቆው ሞቃት ነው፤ ወባም አያጣውም። አባቴ በቆሎ ሊሰበስብ ወደዚያ ወርዶ ትኩሳት ይዞት ተመለሰ። ነቀምቴ አምጥተን ሐኪም ቤት ስናስተኛው ሰው እንኳ አይለይም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሐኪሙ ትኩሳቱ መውረዱን፣ ምግብም መጠየቁን ነገረኝ። አዳዳ፣ ማለት የአባቴ እኅት፣ ነጠላዋን ተከናንባ ከጎረቤቶች ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ሮጥኩና፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አይደለሁ፣ «አዳዳ! አባባ እኮ ድራማቲካሊ ተለወጠ!» አልኳት።

አዳዳ «ድራማ»ን ታውቃለች፤ በራዲዮ የሚተላለፈው፣ መጨረሻው ላይ ሰው የሚሞትበት ነው። «ተለወጠ»ንም ታውቃለች። የበሽተኛ መልክ ተለወጠ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ማን ያጣዋል? እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነችና ጮኸች። ጎረቤቱም ተከተላት። ከውስጥ ደግሞ የአባቴ ድምፅ መጣ፦ «ኧረ ማነው የሞተው?»

ሁሉም ሲስቅ ዋለ። እኔ ግን የአዳዳ እጅ እስከ ማታ ሲንቀጠቀጥ ስላየሁ አልሳቅኩም። «ተሽሎታል» ማለት አቅቶኝ ነው? ወይም በቤታችን ቋንቋ «ፎየኤራ»? አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቃሏን እከታተላታለሁ። በእንግሊዝኛ ሁለት ሥራ አላት፤ ለውጡ ጉልህና ድንገተኛ ነው ለማለት፣ እንዲሁም ሰውየው እንደ ተዋናይ አጋነነ ለማለት። እኛ ዘንድ ግን «ድራማ» ቀድማ ገብታ ቤት ሠርታለች። «ድራማ አትሥራብኝ» ስንል አታስመስል ማለታችን ነው። ስለዚህ ቃሏ ስትመጣ ማስመሰልን አስከትላ ትመጣለች። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የለውጡን ትልቅነት እንጂ አቅጣጫውን አትነግረንም። ሽቅብ ነው ቁልቁል?

ክፍል ውስጥ «ዋጋ ድራማቲካሊ ጨመረ» ብለን ጽፈን ማርክ እናገኛለን። የነቀምቴ ገበያ ነጋዴ ግን የትናንቱንና የዛሬውን ዋጋ ጎን ለጎን ይነግርሃል። ማንኛችን ነን የበለጠ የተናገርነው?

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የባዕድ ቃል ሁሉ ይባረር አልልም። «ሆስፒታል»ን አባርሬ የት ልተኛ? ቃል እንደ እንግዳ ነው፤ ከቤተሰቡ ጋር ከተግባባ ይቀመጥ። ደግሞ ልማዱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እኛ የወለጋ ልጆች እስከ 8ኛ ክፍል በኦሮምኛ እንማራለን፤ 9ኛ ላይ ሁሉም ነገር ባንዴ እንግሊዝኛ ይሆናል። የተማረ ለመምሰል ያለችን ልብስ ያቺው ናት፤ ለብሰናት ሐኪም ቤት ድረስ እንሄዳለን።

ኦኔሲሞስ ነሲብ ነቀምቴ ውስጥ አስተምረው እዚያው እ.ኤ.አ. በ1931 ዐርፈዋል። መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ በግዕዝ ፊደል ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1899 ሲያሳትሙ ከአስቴር ጋኖ ጋር ነበር የደከሙት። አስቴርም ቃላትን፣ ተረትንና ዘፈንን ከትዝታዋ እያወጣች ትሰበስብ ነበር። ሰሚው የሚያውቀውን ቃል ለማግኘት ያን ያህል ተለፋ። እኔ ግን በረንዳ ላይ ለተቀመጠች አንዲት አክስት አልለፋሁም።

ባለፈው ዕረፍት ቤት ስገባ አዳዳ ስለ ፈተናዬ ጠየቀችኝ።

«ውጤቴ ተለውጧል» አልኳት።

ቡናውን መቅዳት አቁማ ዐይን ዐይኔን አየችኝ።

«ወዴት?»