ከሲቀላ ደብተር እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ የሌሊት ፈረቃ

በአርባ ምንጭዋ ሲቀላ ውስጥ «እንግሊዝኛ ይችላል» የተባለ ተማሪ ደብተር ከኋላ በኩል ቢገለጥ፣ በእስክሪብቶ የተሰመረ ሠንጠረዥ አይጠፋበትም። በግራ «ሬኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ»፣ «ኪክ ዘ በኬት»፣ «ዋንስ ኢን ኤ ብሉ ሙን»፤ በቀኝ ደግሞ ፍቺያቸው፦ ዶፍ ዘነበ፣ ሞተ፣ ከስንት አንዴ። ከዚያ በታች ሌላ ሠንጠረዥ ይከተላል፤ ተማሪዎች ፍሬዛል ቨርብ የሚሏቸው፣ ግሥን «አፕ»፣ «ኦፍ»፣ «አውት» ከመሳሰሉ ጥቃቅን ቃላት ጋር የሚያጣምሩት ናቸው። ይኼኛው ብዙ ጊዜ ግማሽ ላይ ይቆማል።

የደብተሩ ባለቤት እቤት ጋሞኛ፣ ገበያ አማርኛ፣ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ የሚናገር ልጅ ነው። በቀድሞው የደቡብ ክልል ለዓመታት በቆየው አሠራር እስከ 4ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተምሮ፣ ከ5ኛ ጀምሮ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በእንግሊዝኛ ሲቀበል አድጓል። ፈሊጥ ለእሱ ጌጥ ነው። ድርሰት ላይ ጣል ያደርገዋል፤ ፈተና ላይ ከኤ እስከ ዲ ከተደረደሩት ምርጫዎች አንዱን ያጠቁራል፤ ያልፋል። በአፉ እንዲናገረው የሚያስገድደው ነገር እምብዛም የለም።

ይኸው ልጅ ዲቪ ደርሶት ወይም ዘመድ ጠርቶት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲገባ፣ የለፋበትን ገጽ የሚጠይቀው አያገኝም። ዝናብ ሲወርድ አሜሪካውያኑ «ኢትስ ፖሪንግ» ብለው ጃንጥላቸውን ይዘረጋሉ፤ ድመትና ውሻ የሚጠራ ሰው ብርቅ ነው። የመጀመሪያው የሥራ ቀን ግን ግማሽ ላይ ከቆመው ሠንጠረዥ ይጀምራል። ሲገባ «ክሎክ ኢን»፣ ሲወጣ «ክሎክ አውት»። ሲያመው «ኮል አውት»። ተጨማሪ ፈረቃ ሲፈልግ «ፒክ አፕ»፤ የቀረን ሰው ሲተካ «ፊል ኢን»። «ኮል»ንም «ፒክ»ንም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃቸዋል። የማያውቀው ጅራታቸውን ነው።

ጅራቱ የሚያመጣውን ጣጣ ለማየት ብዙ ሐበሾች ከሚሠሩበት የአዛውንቶች እንክብካቤ ቤት የተሻለ ቦታ የለም። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ጠዋት ለተረኛዋ ነርስ የምታስረክበው ማስታወሻ አለ። በሽተኛዋ «ፓስድ አውት» ከተባለ ራሷን ስታለች ማለት ነው፤ «ፓስድ አዌይ» ከተባለ አርፋለች። አገር ቤት ደግሞ «ፓስ» ፈተና ማለፍ ነው፤ ደስታ ነው። ከዚህም የረቀቀ አለ። አዛውንቷ የተሰጣቸውን ክኒን «ትሪው ኢት አፕ» ቢባል ውጠው አስመለሱት ማለት ሲሆን፣ «ትሪው ኢት አውት» ከሆነ ጭራሽ ሳይውጡ ጣሉት ማለት ነው። ነርሷ ክኒኑን ትድገም አትድገም የምትወስነው በዚያች በመጨረሻዋ ቃል ነው።

ችግሩ የሐበሻ ብቻ አይደለም፤ አዲስም አይደለም። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ፣ ባዕዳንን ከሁሉ አብልጦ የሚያስቸግረው ይኸው ግሥን በትንሽ ቃል ወደ ሌላ ትርጉም የማዞር ልማድ መሆኑን ጽፎ ነበር። ፍሬዛል ቨርብ የሚለው ስም በስፋት የታወቀው ግን ዘግይቶ በ1925 ነው፤ ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ ስለ እንግሊዝኛ ፈሊጦች በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ።

የአገር ቤቱ ትምህርት በተቃራኒው ከባድ ከባዱን ቃል አስቀድሞ ያስይዛል። የሲቀላው ተማሪ «ፖስትፖን»፣ «ቶለሬት»፣ «ኢንቨስቲጌት» ለማለት አይቸገርም። የአሜሪካ የሥራ ባልደረቦቹ ለነዚሁ ነገሮች «ፑት ኦፍ»፣ «ፑት አፕ ዊዝ»፣ «ሉክ ኢንቱ» ይላሉ። ነገሩ ታሪክ አለው፦ ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፍርድ ቤቱና ቤተ መንግሥቱ ለፈረንሳይኛና ለላቲን ተሰጡ፤ አጫጭሮቹ የጥንት ግሦች ከማጀትና ከእርሻ ጋር ቀሩ። ስለዚህ ከኢትዮጵያ በቀጥታ የመጣ ጎበዝ ተማሪ ቡና እየጠጣም ሲያወራ የቀበሌ ደብዳቤ የሚያነብ ይመስላል። አነጋገሩ አልተሳሳተም፤ ያለቦታው ከረረ እንጂ።

መክረሩስ ግድ የለም። የከፋው አሳሳቹ ሲመጣ ነው። አለቃው «ዊ ሃቭ ቱ ሌት ዩ ጎ» ሲለው «ዛሬ በጊዜ ልሂድ ማለት ነው» ብሎ ደስ እያለው ቦርሳውን የሚያነሳ ሰው አይጠፋም፤ ከሥራ መሰናበቱ ነው። እናት ከትምህርት ቤት ተደውሎላት ልጅሽ «ኢዝ አክቲንግ አፕ» ስትባል ድራማ ክበብ የገባ ቢመስላት አይፈረድባትም፤ እየረበሸ ነው ማለታቸው ነው። ፖሊስ በድምፅ ማጉያ «ፑል ኦቨር» ሲል ደግሞ ለማሰብ እንኳ ጊዜ የለም፤ ጥግ ይዞ መቆም ነው።

እርግጥ ነው፣ በጎረቤት ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ አማርኛም ከሚስተናገዱት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ትልቅ ነገር ነው፤ መብቱን እያወቁ የማይጠይቁ ወገኖች ብዙ መሆናቸው ያሳዝናል። ነገር ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነርሷ በስልክ «ቼክ አፕ ኦን ሂም» ስትል አስተርጓሚ የለም።

አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ዓይነቱ ግሥ ባዳ ነው ማለት አይቻልም። «ብድግ አለ»፣ «ቸል አለ»፣ «ብቅ አለ» ስንል አንዳቸውም ከማለት ጋር ግንኙነት የላቸውም። አማርኛ የሚማር ፈረንጅ «አለ»ን በመዝገበ ቃላት ፈልጎ «ሰውየው ቁጭ አለ» ላይ ሲደርስ ማን ምን እንደተናገረ ይጠፋበታል። ለተማሪ ይህን አሳይቶ ወደ «ሲት ዳውን» እና «ሾው አፕ» መሻገር ይቻል ነበር። የሚያሻግር መምህር ግን ጥቂት ነው፤ ጊዜው የሚያልቀው ሠንጠረዡን ሲያስገለብጡ ነው።

የሚገርመው፣ የውጭ አገሩ ዓይነት ትምህርት እዚያው አርባ ምንጭ አፍንጫ ሥር መኖሩ ነው። ጫሞ ሐይቅ ላይ ቱሪስት ጭነው አዞዎች ወደሚሰበሰቡበት «አዞ ገበያ» ጀልባ የሚነዱ ወጣቶች አሉ። እንግዳው ጀልባው ላይ ሲወጣ «ሆፕ ኢን»፣ ሞገድ ሲነሳ «ሃንግ ኦን»፣ ጉማሬ ከውኃው ብቅ ሲል «ዋች አውት» ይላሉ፤ በጣም ሲጠጉበት ደግሞ ሞተሩን ወደኋላ እየመለሱ «ሌትስ ባክ ኦፍ»። ከነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ሰዋስው ቢጠየቁ ይወድቃሉ። «ዋች አውት»ን ግን በቦታው፣ በሰዓቱና በሚገባው የድምፅ ልክ ይሉታል፤ ቃሉን የያዙት ጉማሬው ፊት ነዋ። የሲልቨር ስፕሪንጓ ሠራተኛም በመጨረሻ የምትማረው በዚሁ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ እሷ ስትሳሳት ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ የሚደርሳት መሆኑ ነው።

ስለዚህ ሲቀላ ያለ የእህት ልጁ ለመምጣት ቪዛ ለሚጠብቅበት አንባቢ አንድ ሐሳብ አለ። በየቴሌግራሙ የሚዞረውን የፈሊጥ ዝርዝር መላክ ይቅር። ይልቅ የምትሠሩበትን ቤት ባዶ የማስረከቢያ ቅጽ ፎቶ አንስታችሁ፣ በየሳጥኑ ውስጥ የሚጻፈውን በድምፅ እያስረዳችሁ ላኩለት። እሱም መልሶ በድምፅ ይላክላችሁ፤ «ፓስድ አውት» እና «ፓስድ አዌይ»ን ሳይደነቃቀፍ እስኪለይ ድረስ አስደግሙት።