የማይናገር እግር

ስለ ሥራና ስለ ሕይወት ዓላማ ከመድረክ ላይ ብዙ ንግግር ሰምተናል። እኔ ግን ዛሬ ከአንድ ጫማ ሰፊ ዘንድ ያገኘሁትን ትምህርት ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

በቅርቡ አንድ የታመመ ዘመዴን ለመጠየቅ ኮልፌ ቀራንዮ፥ ዘነበወርቅ ሠፈር ወደሚገኘው አለርት ሆስፒታል እመላለስ ነበር። አለርት በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌን ለማከምና ባለሙያ ለማሠልጠን የተቋቋመ ሲሆን፥ ዛሬ ልዩ ልዩ በሽታ የሚታከምበት ትልቅ ሆስፒታል ነው። በዚያው ሠፈር በበሽታው እግራቸው ለተጎዳ ሰዎች ጫማ ሲሰፉ ከኖሩ አንድ ሽማግሌ ጋር ተዋወቅሁ።

ሽማግሌው የሰፉትን ጫማ ከማስረከባቸው በፊት ባዶ እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው ጥግ ጥጉን ደጋግመው ይዳብሳሉ።

«አባባ፥ ምን ይፈልጋሉ?» አልኳቸው።

«ሚስማር ነዋ ልጄ! አንተን ቢወጋህ ትጮሃለህ፤ ጫማውንም መልሰህ ትወረውርልኛለህ። የዚህ ሰው እግር ግን አይናገርም። በእሱ ፈንታ የእኔ እጅ ይስማለት እንጂ!»

ነገሩ እውነት ነው። ሥጋ ደዌ ዛሬ በመድኃኒት ይድናል፤ የተጎዳው ነርቭ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም። ሕመም የማይሰማውን እግር ለመቆረጥ የሚያበቃው ሳይታወቅ የሰነበተ ትንሽ ቁስል ነው።

ይህን ስሰማ አፈርሁ። በዚያው ሰሞን የቤተ ሙከራ ሪፖርት ስጽፍ ያልለካሁትን ቁጥር ከጓደኛዬ ቀድቼ አስገብቼ፥ ጥሩ ማርክ አግኝቼበት ነበር። መምህሬ አላወቁም፤ «ማንም አልተጎዳም» ብዬም ራሴን አጽናንቼ ነበር። ነገር ግን ነገ መሐንዲስ ሆኜ በማሠራው ድልድይ ላይ የሚሻገር ገበሬ፥ ብረቱ መጉደሉን በምን ያውቃል? ሕመምተኛስ የመድኃኒቱ መጠን መሳሳቱን እንዴት ይረዳል? የተማረ ሰው ሥራ አብዛኛው ለማይናገር እግር የሚሰፋ ጫማ ነው። አደራነቱም እዚህ ላይ ነው።

ሰኞ ዕለት መምህሬ ዘንድ ሄጄ እውነቱን ተናገርሁ። ማርኩ ተሰረዘ፤ ሙከራውንም እንደ ገና እንድሠራ ተፈቀደልኝ፤ ያገኘሁት ማርክ ግን ከፊተኛው ያነሰ ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ «ሞኝ» ብለውኛል።

የሕይወቴን ዓላማ በሙሉ አገኘሁት ብዬ አልመካም። ሆኖም የሠራሁትን ከማስረከቤ በፊት እጄን አስገብቼ መዳበስ ጀምሬአለሁ። እናንተስ፥ ወንድሞቼና እህቶቼ?