«የሙዚቃ ፊልም ነው»

መቼም አስተምሮ የማያውቅ ሰው፣ ተማሪ በአንድ ጥያቄ አፍ እንዴት እንደሚያስይዝ አይገባውም። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ነው። ስለ ደቡብ አፍሪካ ደራስያን ስንት ሳምንት ለፍልፌ «ከምናወራው እንየው» አልኩና፣ አንድ ወዳጄ ከውጭ ያመጣልኝን «ካም ባክ፣ አፍሪካ» የተባለ ፊልም ክፍል ውስጥ ከፈትኩላቸው።

ፊልሙን የሠራው ላዮነል ሮጎሲን የሚባል አሜሪካዊ ነው። ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር የ1950ዎቹ መጨረሻ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው)። አፓርታይድ ጡንቻው የፈረጠመበት ወቅት። ጥቁር ሰው በገዛ አገሩ ከተማ ለመቆየት «ፓስ» የሚሉትን ደብተር በኪሱ መያዝ አለበት፤ ካልያዘ ወህኒ ነው። ታዲያ ሮጎሲን ለባለሥልጣናቱ ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? «የሙዚቃ ፊልም ነው የምሠራው!» አመኑት። ጥቁር ሲዘፍን ቢታይ ማንን ይጎዳል? ደግሞም ጨርሶ አልዋሸም፤ በፊልሙ ውስጥ መንገድ ላይ ዋሽንት የሚነፉ ልጆች አሉ፣ ጭፈራም አለ። የኛ ቅኔ ዘራፊዎች ቢሰሙ ይስቁ ነበር፤ ሰሙን ለፖሊስ፣ ወርቁን ለተመልካች።

ወርቁ የዘካርያስ ታሪክ ነው። ረሃብ ከገጠር ገፍቶ ጆሃንስበርግ የወርቅ ማውጫ ውስጥ ይጥለዋል። ከዚያ የቤት ሠራተኛ፣ ከዚያ ጋራዥ፣ ከዚያ ሆቴል፤ የትም አይበረክትም። የሚተውኑት የዚያው ከተማ ሰዎች ናቸው። ከፊሉ የተቀረጸው ሶፊያታውን የተባለው ሰፈር ነዋሪው በግድ እየተነሳ በሚፈርስበት ሰሞን ነው። በኋላ በቦታው የነጮች መኖሪያ ተሠርቶ «ትሪዮምፍ» ተባለ። ድል ማለት ነው። (ስም አወጣጣቸውስ!)

አንድ ቦታ አለ። ሸቢን፣ ማለትም ያለ ፈቃድ መጠጥ የሚሸጥበት ቤት ውስጥ፣ ወጣት ጸሐፊዎች ተቀምጠው ይከራከራሉ። መሀል ላይ አንዲት ወጣት ትገባና ታንጎራጉራለች። ሚርያም ማኬባ ናት። ክፍሉ ጸጥ አለ።

መብራት ሲበራ፣ ከኋላ ወንበር የማትጠፋው ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አሜሪካዊውስ ፊልሙን ይዞ አገሩ ገባ። እነሱስ?»

«ጥበብ መሥዋዕትነት ትጠይቃለች» ምናምን ብዬ አለፍኩት። የማንን መሥዋዕትነት?

ማኬባ ፊልሙ በ1959 ቬኒስ ላይ ሲታይ እዚያ ነበረች። በ1960 እናቷ ሞተችባት። ልትቀብር ብትነሳ ፓስፖርቷ ተሰርዟል። በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አዲስ አበባ መጥታ ዘፈነች፤ እኛ ያጨበጨብንላት እናቷን መቅበር የተከለከለች ሴት ነበረች። አገሯን የረገጠችው በ1990 ነው። ከሮጎሲን ጋር ፊልሙን ከጻፉት አንዱ ብሎክ ሞዲሳኔ፣ በ1959 እንደወጣ በ1986 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ሞተ። ሌላው፣ ሉዊስ ንኮሲ፣ የወጣው «እንዳትመለስ» በሚል ፈቃድ ነው።

ይህን ሁሉ ለልጅቷ ብነግራት ኖሮ እንኳ ግማሹ ይቀረኝ ነበር። የተታለለው መንግሥቱ እንጂ እነሱ አይደሉም። ሞዲሳኔና ንኮሲ አብረው ጽፈዋል፤ ዋጋውን ከፈረንጁ አሳምረው ያውቁታል። እኔ ግን ክፍል ውስጥ ጀግና ያደረግኩት ካሜራ የያዘውን ብቻ ነበር። ፊቱን ለካሜራ የሰጠውን ረሳሁት።

ለምን እንደረሳሁት የገባኝ ዘግይቶ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት ካሜራውን ተሸክሞ ቤቴ መጣ። ያደግሁበት ሰፈር ፈርሶ ነበር፤ «ጋሼ፣ ስለ ሰፈሩ ያጫውቱኝ» አለኝ። ሻይ አስቀረብኩለት። ከዚያ «ድምፄን ቅዳ፤ ፊቴን ግን ተወው» አልኩት። ማንም አላስፈራራኝም እኮ! ልጁ ጨዋ ነው፣ ካሜራውን ወደ መስኮቱ አዞረልኝ።

ባለፈው ሳምንት ፊልሙን ደግሜ አየሁት። ሸቢኑ ውስጥ ካሉት አንድም ፊቱን የሸፈነ የለም።