አንድ ቀን በማጋዲ የሶዳ ሐይቅ

የወታደር ቤተሰብ ናፍቆትን ይለምደዋል ይባላል። ይህን ጽሑፍ በጋራ ያዘጋጀነው እኛ ባልና ሚስት ግን ገና አልለመድነውም። አባትየው ለሥራ ወደ ኬንያ ርእሰ ከተማ ወደ ናይሮቢ ከተላከ አሥራ አራት ወር ሆኖት ነበር። በክረምቱ የትምህርት ዕረፍት እናትና ልጆች ከአዲስ አበባ መጥተው ስንገናኝ፣ የአሥራ አንድ ዓመቱ ወንድ ልጃችን አባቱ አንገት ላይ ተጠመጠመ። የአምስት ዓመቷ ታናሽ እኅቱ ግን ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ቆማ፣ ለእንግዳ እንደሚባለው፣ «እንደምን አሉ?» አለችው። ሳምንቱን ሙሉ «እርስዎ» ማለቷን አልተወችም። እኛም ቀን ቀን እንስቃለን፤ ሌሊት ግን ሁለታችንም እንቅልፍ እናጣ ነበር።

የመጨረሻዋ እሑድ ስትደርስ፣ አንድ ቀን ሙሉ አብረን እንዋል ተባብለን መኪና ተከራየንና ማልደን ተነሣን። መድረሻችን ከናይሮቢ በስተደቡብ ምዕራብ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የማጋዲ ሐይቅ ነበር። ወራቱ በናይሮቢ የብርድና የደመና ወራት በመሆኑ ሹራብ ደርበን ወጣን። ኦንጋታ ሮንጋይንና ኪሴሪያንን አልፈን ከንጎንግ ተራሮች ትከሻ ላይ ስንደርስ ነፋሱ በረታ። ስፍራውን በስዋሂሊ «ኮና ባሪዲ» ይሉታል፤ ቀዝቃዛው መታጠፊያ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ታላቁ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስትሆን፣ ማጋዲ 600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህም በወረድን ቁጥር ሹራባችንን አወለቅን፤ የመኪናውንም መስኮት ከፈትን፤ ዳሩ ግን የሚገባው ነፋስ የምድጃ ወላፈን ነበር።

ሐይቁ ብቅ ሲል ለልጆቻችን በረዶ መሰላቸው። ነጭ ሜዳ ነው፤ አልፎ አልፎም ወደ ሮዝ ቀለም ይደላል። በዙሪያው የሚፈልቁት ፍልውሃዎች ከመሬት በታች የሟሟ ሶዳ ይዘው ይገባሉ። ሐይቁ መውጫ ወንዝ ስለሌለው ፀሐይ ውሃውን ወደ እንፋሎት ስትለውጠው ሶዳው ረግቶ ይቀራል። ይህንኑ ለማውጣት በ1911 እ.ኤ.አ. ኩባንያ ተቋቋመ፤ ሶዳውም ለመስታወትና ለሳሙና ሥራ ይውላል። አባትየው ቀድሞ በአፋር በረሃ ያገለገለ ነውና፣ በዳሎል አካባቢ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው ሜዳ አሞሌ እየተጠረበ በግመል እንዴት እንደሚጫን ለልጃችን ነገረው። ልጁን ይበልጥ ያስደነቁት ግን 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ የሶዳ ውሃ ውስጥ የሚዋኙት ትንንሽ የቆሮሶ ዘመዶች ነበሩ።

ይዘነው የነበረው የማሳይ ተወላጅ መንገድ መሪ፣ እርሱ የረገጠበትን ብቻ እንድንረግጥ አስጠንቅቆን ነበር። ትንሿ ልጃችን ግን በሩቁ የቆሙትን ፍላሚንጎዎች ባየች ጊዜ እጇን አስለቅቃ ሮጠች። ቅርፊቱ ተሰበረና እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰመጠ። አባትየው ከሁላችን ቀድሞ ደርሶ አነሣት። ጥላ ስር እስክንደርስ ውሃው ደርቆ፣ ሶዳው በእግሯ ዙሪያ እንደ አልቦ ነጭ ሆኖ ቀረ። «ድንጋይ ልሆን ነው?» ብላ አለቀሰች።

አባቷ በጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ከጄሪካኑ የመጠጥ ውሃ እያፈሰሰ እግሯን ሲያጥብ፣ እንዲህ ሲል አወጋት። በ1962 እ.ኤ.አ. እጅግ ብዙ ፍላሚንጎዎች በዚህ ሐይቅ ላይ ጫጩት ፈለፈሉ። ሶዳው በጫጩቶቹ እግር ላይ እየረጋ መራመድ ከለከላቸው። በጎ ፈቃደኞች መጥተው ያንን አልቦ በመዶሻ ቀስ እያሉ እየሰበሩ ብዙ ሺህ ጫጩቶችን ነጻ አወጡ።

«አባታቸው የት ሄዶ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ምግብ ፍለጋ። ከእናታቸው ጋር እየተፈራረቁ ነው የሚመግቧቸው።»

«ይመለሳል?»

«ይመለሳል።»

ጥቂት ዝም አለችና፣ «አንተስ፣ ትመለሳለህ?» አለችው።

«እርስዎ» አላለችውም። ሁለታችንም ሰማን፤ ነገር ግን እንዳትደነግጥ ዝም አልን። ለሕፃን «ነገ» ብሎ መሸንገል ቀላል ነው፤ አባትየው ግን አራት ወር እንደቀረው እውነቱን ነገራት። አራት ጣቶቿን ዘርግታ ቆጠረቻቸው። ከዚያም የቀረውን ውሃ ለአራት ተካፍለን፣ ድርቆሻችንን በልተን ወደ ብርዱ አገር ተመለስን።

ውድ አንባቢያን፣ እንዲህ ያለ በረሃ ስትሄዱ ውሃ ከሚበቃችሁ በላይ ያዙ፤ ሽፍን ጫማ አድርጉ፤ ከመንገድ መሪያችሁም አትራቁ። ሩቅ ያላችሁ አባቶችና እናቶችም ለልጆቻችሁ የምትመለሱበትን ጊዜ ሳትሸሽጉ ንገሩ። የእኛዋ በስልክ ስትነጋገር ዛሬም አባቷን «አንተ» ትለዋለች፤ ከጣቶቿም አንዱን አጥፋለች።